የአንኮበር ብርዳማ ገደሎችና የአርክቲክ ዳርቻ፤ ጎብኚና የዱር ሕይወት በሥርዓት የሚገናኙበት መንገድ

ከአዲስ አበባ በስተሰሜን ምሥራቅ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ደብረ ብርሃን የደረሰ መንገደኛ፣ ወደ ምሥራቅ ታጥፎ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲቀጥል የአገሪቱ ደጋ በድንገት ከሚያበቃበት ሥፍራ ይደርሳል። ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር የሚበልጠው ሜዳ በገደል ይቆረጥና ከታች የአልዩ አምባ ቆላ፣ ከዚያም ማዶ የአፋር ዝቅተኛ ሥፍራ በጭጋግ ውስጥ ይታያል። የአንኮበር ጥንታዊ ከተማ የተመሠረተችው በዚሁ የገደል ጠርዝ ላይ ነው።

በኅዳርና በታኅሣሥ ወራት በዚህ ደጋ የሚያልፍ ሰው ማለዳ ላይ ሜዳው በአመዳይ ነጭ ሆኖ ያገኘዋል። ፀሐይ ስትወጣ አመዳዩ ይቀልጣል፤ በገደሉ ላይ ያደሩት ጭላዳዎችም ሣር ለመንጨት ወደ ሜዳው ይወጣሉ። ጺማሙ አሞራ አጥንት ይዞ ከፍ ብሎ ይበርና ከድንጋይ ላይ ጥሎ ይሰባብረዋል። በገደሉ ስንጥቆች መካከል ደግሞ የዓለም የወፍ ተመራማሪዎች እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ የማያውቋት አንዲት ትንሽ ቡናማ ወፍ ዘር ትለቅማለች።

ብርድንና የዱር ሕይወትን በአንድነት ለማየት የሚደረግ ጉዞ በዓለም አቀፍ ደረጃ በአብዛኛው የሚታወቀው በሰሜን ዋልታ ዙሪያ በሚገኘው የአርክቲክ ክልል ነው። በዚያ ጎብኚዎች በመርከብ ተጉዘው በጎማ ጀልባ ወደ ዳርቻ ይወርዳሉ፤ የበረዶ ግግር፣ ነጭ ድብ፣ ዋልረስና የባሕር ወፎችን ተመልክተው ይመለሳሉ። አንኮበር ባሕርም ሆነ የበረዶ ግግር የላትም። ሆኖም በሁለቱም ሥፍራዎች የሚነሣው ጥያቄ አንድ ነው። ይኸውም በቀላሉ ሊጎዳና ከተጎዳም በቀላሉ ሊተካ የማይችል ሕይወት ወዳለበት ቀዝቃዛ ሥፍራ ሰውን ማስገባት የሚቻለው በምን ሥርዓት ነው የሚለው ነው። ለጥያቄው የሚሰጠው መልስ በሥፍራው የሚኖሩ እንስሳትን ህልውና ብቻ ሳይሆን በዙሪያቸው የሚኖረውን አርሶ አደር ገቢም የሚወስን ነው።

ከባሕር ዳርቻ እስከ አንኮበር

አንኮበር የተመራማሪ ቡድኖች መዳረሻ መሆን የጀመረችው ዛሬ አይደለም። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን፣ እ.ኤ.አ ከ1813 እስከ 1847 ባሉት ዓመታት፣ ከተማዋ የሸዋ መንግሥት መቀመጫ ነበረች። እ.ኤ.አ በ1839 ሚስዮናውያኑ ዮሐን ሉድቪግ ክራፕፍና ካርል ኢዘንበርግ፣ እንዲሁም ፈረንሳዊው ሮሼ ዴሪኩር ወደ ሸዋ መጥተዋል። ከዚያ በኋላ የመጣው ትልቁ ቡድን በሻምበል ዊልያም ኮርንዋሊስ ሀሪስ የሚመራው የብሪታንያ ልዑክ ነው።

የሀሪስ ልዑክ እ.ኤ.አ በ1841 ከሕንድ በኤደን በኩል ተጉዞ በታጁራ የባሕር ዳርቻ አረፈ። ከዚያ ከባሕር ወለል በታች 155 ሜትር ዝቅ ብሎ በሚገኘው በአሳል ሐይቅ በኩል አልፎ፣ በረሃውን በግመል አቋርጦ ወደ ሸዋ ደጋ ወጣ። በዚያው ዓመት ኅዳር ወር ከንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ጋር የንግድና የወዳጅነት ውል ተፈርሟል። ሀሪስ ወደ ኢትዮጵያ ከመምጣቱ በፊት በደቡባዊ አፍሪካ በአደንና በዱር እንስሳት ጥናት የታወቀ ሰው ሲሆን፣ ልዑኩ የተፈጥሮ ተመራማሪ የሆነውን ጀርመናዊውን ዮሐንስ ሮትንና ሠዓሊውን ዮሐን ማርቲን ቤርናትስን አካትቶ ነበር። በዚህም ምክንያት ልዑኩ ከፖለቲካዊ ተልእኮው ጎን ለጎን የአካባቢውን ዕፀዋት፣ እንስሳትና መልክዓ ምድር መዝግቧል።

ሁለተኛው ታላቅ ጉዞ የተደረገው እ.ኤ.አ በ1876 ነው። በጣሊያን የጂኦግራፊ ማኅበር የተላከውና በተፈጥሮ ተመራማሪው በኦራትስዮ አንቲኖሪ የሚመራው ቡድን በዘይላ ወደብ አርፎ ወደ ሸዋ አመራ። በዚያን ጊዜ የሸዋ ንጉሥ የነበሩት ምኒልክ ከአንኮበር አጠገብ ሌት ማረፊያ በተባለው ሥፍራ ለቡድኑ ቦታ ሰጡት። ሌት ማረፊያ ለዓመታት የምርምር ጣቢያ ሆኖ ያገለገለ ሲሆን፣ አንቲኖሪም እ.ኤ.አ በ1882 በዚያው ሥፍራ አርፈዋል። ከሸዋ የተሰበሰቡት የወፍ ናሙናዎች ወደ ጣሊያን ተልከው በቶማሶ ሳልቫዶሪ ተጠንተው እ.ኤ.አ በ1884 ታትመዋል። ከአንኮበር በታች ባለው ቆላ የምትኖረውና በኢትዮጵያ ብቻ የምትገኘው ጉሮሮዋ ቢጫ የሆነው የሴሪን ዝርያም ሳይንሳዊ ስያሜ ያገኘችው እ.ኤ.አ በ1888 በዚሁ ተመራማሪ አማካይነት ነው።

በዚያ ዘመን የዱር ሕይወትን ማጥናት ማለት በአብዛኛው በጠመንጃ ገድሎ፣ ቆዳውን ገፎ በሣጥን መላክ ማለት ነበር። የዛሬው ጎብኚ ግን የሚይዘው ማጉያ መነጽርና ካሜራ ነው። ይሁን እንጂ ጠመንጃው በካሜራ መተካቱ ጉዳቱን ሙሉ በሙሉ አላስቀረውም። ካሜራ የያዙ በርካታ ሰዎች አንድን ጎጆ ወይም አንድን የቀበሮ ጉድጓድ ደጋግመው ሲከብቡ፣ አንድም ጥይት ሳይተኮስ ወላጅ እንስሳት ልጆቻቸውን ጥለው ሊሄዱ ይችላሉ።

ከመቶ ዓመት በኋላ የተገኘችው ወፍ

የአንቲኖሪ ቡድን በዘይላ ባረፈ በመቶኛው ዓመት፣ ማለትም እ.ኤ.አ በ1976፣ እንግሊዛዊው የወፍ ተመራማሪ ጆን አሽ በአንኮበር አካባቢ ባለው የገደል ጠርዝ ላይ ከዚያ በፊት በሳይንስ ያልተመዘገበች ወፍ አገኙ። ወፏ እ.ኤ.አ በ1979 በይፋ ስትመዘገብ ሳይንሳዊ ስሟ ከአንኮበር ተወስዶ ተሰጣት። በዚህም የአንኮበር ስም በዓለም የወፍ መዝገብ ውስጥ በቋሚነት ሊሰፍር ቻለ።

የአንኮበር ሴሪን በውበቷ የምትስብ አይደለችም። ላባዋ ቡናማ ሆኖ ጥቋቁር ሰረዞች ያሉበት ሲሆን፣ በትናንሽ መንጋ ሆና በገደላማና ድንጋያማ መሬት ላይ ዘር እየለቀመች ትኖራለች። ለዓመታት በአንኮበር አካባቢ ባለ ጠባብ የገደል ጠርዝ ላይ ብቻ የምትኖር ትመስል የነበረ ሲሆን፣ በኋላ ግን በሰሜን ተራሮችም እንደምትገኝ ታውቋል። ሆኖም ቁጥሯ አነስተኛና መኖሪያዋ የተበጣጠሰ በመሆኑ በዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት መዝገብ ለአደጋ ተጋላጭ ከሆኑት ዝርያዎች ተርታ ተመድባለች። ልቅ ግጦሽ፣ የእርሻ መሬት ወደ ገደሉ መስፋፋትና የባሕር ዛፍ ተከላ መኖሪያዋን ከሚያጠቡት ምክንያቶች መካከል ናቸው።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገሮችን መረዳት ይቻላል። አንደኛው፣ የሠለጠኑ ተመራማሪዎች ለዓመታት የሠሩበት ሥፍራም ቢሆን ያልታወቀ ሀብት ሊይዝ መቻሉ ነው። ሁለተኛው ደግሞ እንዲህ ያለው ሀብት ከመታወቁ በፊት ሊጠፋ ይችል እንደነበር ነው። በአንድ የገደል ጠርዝ ላይ የሚወሰድ የመሬት አጠቃቀም ውሳኔ በሌላ ሥፍራ ከሚወሰደው የተለየ ክብደት የሚኖረውም በዚህ ምክንያት ነው።

በረዶ በኢትዮጵያ ደጋ

የኢትዮጵያን ደጋ ከዋልታ ክልሎች ጋር የሚያገናኘው ብርዱ ብቻ አይደለም። በዛሬው ጊዜ በአገሪቱ ቋሚ የበረዶ ግግር ባይኖርም፣ በራስ ዳሽን አናት ላይ አልፎ አልፎ በረዶ ይጥላል። በጥንት ዘመን ግን ከፍተኛ ተራሮች በእርግጥም በበረዶ ግግር ተሸፍነው ነበር። እ.ኤ.አ በ2021 ይፋ የተደረገ ጥናት እንደሚያሳየው፣ በባሌና በአርሲ ተራሮች የበረዶ ግግሮች ተስፋፍተው የነበሩት ከዛሬ 42 ሺህ እስከ 28 ሺህ ዓመታት ገደማ ባለው ጊዜ ውስጥ ነው።

ሰዎችም በዚያ ዘመን በአካባቢው ይኖሩ ነበር። በባሌ ተራሮች ከ3,400 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው የፊንጫ ሐበራ የድንጋይ መጠለያ የተደረገውና እ.ኤ.አ በ2019 የታተመው ጥናት፣ ሰዎች ከ47 ሺህ እስከ 31 ሺህ ዓመታት በፊት በሥፍራው ይጠለሉ እንደነበር አረጋግጧል። ምግባቸውም በአብዛኛው በባሌ ብቻ የሚገኘው ትልቁ የፍልፈል ዝርያ ነበር። በመሆኑም የበረዶ ግግር አጠገብ ሆኖ የዱር እንስሳትን መከታተል በኢትዮጵያ ምድር ከአርባ ሺህ ዓመት ያላነሰ ዕድሜ ያለው ተግባር ነው።

የበረዶው ዘመን ሲያበቃ በቀዝቃዛው ሣር ምድር ይኖሩ የነበሩ እንስሳት ሙቀቱን ሸሽተው ወደ ተራሮቹ አናት ተሰበሰቡ። ቀይ ቀበሮ የዘር ግንዱ ከእስያና ከአውሮፓ ተኩላ ጋር የተቀራረበ ሲሆን፣ ቅድመ አያቶቹ ከዩራስያ ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ከገቡ በኋላ በደጋው ተወስኖ የቀረ ዝርያ ነው። በሰሜንና በባሌ ተራሮች የሚታየው ቀይ መንቆር ያለው ቁራ መሰል ወፍም ሌሎች ዘመዶቹ የሚገኙት በአውሮፓ፣ በእስያና በሰሜን አፍሪካ ነው። በሌላ በኩል በአርክቲክ ሜዳዎች የሚራቡ ጥቃቅን የውኃ ዳር ወፎች ክረምቱን ሸሽተው በስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ዳርቻ ይከርማሉ። ስለዚህ የዋልታው ክልልና የኢትዮጵያ ምድር በየዓመቱ የሚጋሩት ሕይወት አለ።

ይህ ሁኔታ የሚያስከትለው ስጋትም ተመሳሳይ ነው። እ.ኤ.አ በ2022 የታተመ ጥናት እንዳመለከተው፣ የአርክቲክ ክልል ከ1979 ወዲህ ከዓለም አማካይ አራት እጥፍ በሚጠጋ ፍጥነት ሞቋል። በዚያ የባሕር በረዶ ሲቀልጥ ነጭ ድብ የሚያድንበት ሥፍራ ይጠብበታል። በኢትዮጵያ ደግሞ ሙቀት ሲጨምር እርሻና ግጦሽ ወደ ላይ ይወጣል፤ ከተራራው አናት ላይ የሚኖረው እንስሳ ግን ከዚያ በላይ የሚሸሽበት መሬት የለውም።

የአርክቲክ ዳርቻ ጉብኝት እንዴት ይከናወናል?

ስቫልባርድ በኖርዌይና በሰሜን ዋልታ መካከል የሚገኝ በኖርዌይ ሥር ያለ የደሴቶች ስብስብ ነው። ከመሬቱ ከግማሽ በላይ የሚሆነው በበረዶ ግግር የተሸፈነ ሲሆን፣ አብዛኛው ክፍሉም በሕግ የተጠበቀ ነው። በበጋ ወራት ጎብኚ የያዙ መርከቦች ወደ ዳርቻው ይመጣሉ። የማረፍ ሥርዓቱ የሚጀምረው ግን ከጎብኚዎቹ በፊት ነው። በቅድሚያ መሪዎቹና ጠባቂዎቹ ብቻ በጀልባ ወርደው በማጉያ መነጽር አካባቢውን ይቃኛሉ። ነጭ ድብ ከታየ ጉብኝቱ ይሰረዛል። ካልታየ ጎብኚዎቹ ጫማቸውን አጽድተው፣ በጥቂት በጥቂት ተከፋፍለው በጎማ ጀልባ ይወርዳሉ፤ ከመሪያቸውም ሳይለዩ በቡድን ይንቀሳቀሳሉ። ጫማ የሚጸዳው ባዕድ ዘርና በሽታ ከአንዱ ሥፍራ ወደ ሌላው እንዳይዛመት ነው።

ጥንቃቄው ሲጓደል የሚደርሰው ጉዳት በተግባር ታይቷል። እ.ኤ.አ በሐምሌ 2018 ጎብኚዎችን ለማሳረፍ ቀድመው ወደ አንድ የስቫልባርድ ደሴት ከወረዱ የድብ ጠባቂዎች አንዱ ሳይታይ በቀረበ ነጭ ድብ ተጠቅቶ ቆሰለ፤ ድቡም በጥይት ተገደለ። ክስተቱ በበርካታ አገሮች ክርክር አስነሥቷል። የክርክሩ ጭብጥም ሰው ወደ እንስሳው መኖሪያ ሄዶ ራሱን ለመከላከል ሲል እንስሳውን መግደሉ ተገቢ ነው ወይ የሚል ነበር።

የኖርዌይ መንግሥት እ.ኤ.አ ከጥር 1 ቀን 2025 ጀምሮ ደንቡን አጥብቋል። በዚህም መሠረት ማንኛውም ሰው ከነጭ ድብ ቢያንስ 300 ሜትር የመራቅ ግዴታ አለበት፤ ከመጋቢት 1 እስከ ሰኔ 30 ባለው ጊዜ ደግሞ ርቀቱ ወደ 500 ሜትር ከፍ ይላል። በተጠበቁት ሥፍራዎች የሚገቡ መርከቦች ከ200 የበለጠ ጎብኚ እንዳይጭኑ ተወስኗል። በእነዚሁ ሥፍራዎች ጎብኚዎች የሚያርፉት በተለዩ 43 ቦታዎች ብቻ ነው። በደቡብ ዋልታ በሚገኘው አንታርክቲካም በተመሳሳይ ሁኔታ በአንድ የማረፊያ ሥፍራ በአንድ ጊዜ ከ100 በላይ ጎብኚ አይወርድም።

የእነዚህ ደንቦች ይዘት ሲጠቃለል አምስት ጉዳዮችን የሚመለከት ነው። እነርሱም የሰው ቁጥር፣ የርቀት መጠን፣ የተወሰነ ሥፍራ፣ የተወሰነ ወቅትና ኃላፊነት ያለው መሪ ናቸው። አምስቱም ብዙ ገንዘብ የሚጠይቁ አይደሉም። የሚጠይቁት አስቀድሞ መወሰንን፣ የተወሰነውን በጽሑፍ ማስፈርንና የተጻፈውን ያለ አድልዎ ማስከበርን ነው።

ከውጭ ያልመጣ ሥርዓት

እንዲህ ያለው ሥርዓት ለሰሜን ሸዋ እንግዳ አይደለም። በመንዝ የሚገኘው የጓሳ የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሸፍን ሲሆን፣ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ከፍታ አለው። የአካባቢው ሕዝብ ለ400 ዓመታት ያህል ሥፍራውን በራሱ ባህላዊ ሥርዓት ሲጠብቅ ቆይቷል። በሥርዓቱ መሠረት ሕዝቡ በመረጠው አለቃ አማካይነት ሜዳው ከሦስት እስከ አምስት ለሚደርሱ ዓመታት ለግጦሽም ለሣር አጨዳም ይዘጋል። የጓሳው ሣር በበቂ ሁኔታ ሲያድግ በውሳኔ ይከፈታል፤ ነዋሪውም ለጣራ ክዳን፣ ለገመድና ለሌላም ጥቅም የሚሆነውን ሣር ያጭዳል። የተዘጋውን ሥፍራ የጣሰ ሰው ይቀጣል።

ይህ ሥርዓት ከ1967ቱ የገጠር መሬት አዋጅ በኋላ ሕጋዊ መሠረቱን አጥቶ ተዳክሟል። ይሁን እንጂ የአካባቢው ነዋሪ የጥበቃ ልማዱን ሙሉ በሙሉ ስላልተወው፣ በኋላ ላይ በማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራነት እንደገና ሊደራጅ ችሏል። በአርክቲክ በመንግሥት ደንብ የተደነገጉት የቦታ፣ የወቅትና የኃላፊ ውሳኔዎች በመንዝ ከዘመናት በፊት በሕዝብ ስምምነት ይሠራባቸው ነበር ማለት ነው።

የጥበቃው ውጤት በሜዳው ላይ ይታያል። በጓሳ ጭላዳዎች በመቶዎች በሚቆጠር መንጋ ሲሰማሩ ቀይ ቀበሮዎች በመካከላቸው ይንቀሳቀሳሉ። እ.ኤ.አ በ2015 የታተመ ጥናት በዚህ ሥፍራ በተደረገ ክትትል፣ ቀይ ቀበሮ በጭላዳዎች መካከል ሆኖ አይጥ ለመያዝ ካደረገው ሙከራ 67 በመቶ ሲሳካለት፣ ብቻውን ሆኖ ከሞከረው የተሳካለት ግን 25 በመቶው ብቻ መሆኑን አረጋግጧል። ቀበሮው የጭላዳ ግልገሎችን አይነካም፤ ጭላዳዎቹም አይሸሹትም። እንዲህ ያለው ግንኙነት ሊቀጥል የሚችለው እንስሳቱ ያለ ጭንቀት ተቀራርበው ሲውሉ ነው። በግዴለሽነት ወደ መንጋው የሚገባ ጎብኚ ጭላዳዎቹን ሲበትን የቀበሮውንም ምሳ ያሳጣዋል።

ስጋቶችና የባለድርሻ አካላት ድርሻ

ቀይ ቀበሮ በመላው ዓለም በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኝ ሲሆን፣ ለአካለ መጠን የደረሱት ቁጥር ወደ 500 የሚጠጋ ነው። ከሁሉም የከፋው ጠላቱ ከቤት ውሻ የሚተላለፈው የእብድ ውሻ በሽታ ነው። በባሌ ተራሮች እ.ኤ.አ ከ1990ዎቹ ወዲህ በተደጋጋሚ የተከሰተው ወረርሽኝ በርካታ ቀበሮዎችን ፈጅቷል። እ.ኤ.አ በ2018 በአፍ የሚሰጥ ክትባት በባሌ ለቀበሮዎቹ መሰጠት የተጀመረ ሲሆን፣ በየአካባቢው የቤት ውሾችን መከተብም ዋነኛው የመከላከያ ዘዴ ነው። ከዚህ አንጻር የአንድ ወረዳ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ውሾችን ሲከትብ የአርሶ አደሩን ቤተሰብ ከበሽታ ይጠብቃል፤ በተመሳሳይ ጊዜም የጎብኚ መስህብ የሆነውን እንስሳ ያድናል። ጎብኚ ውሻ አስከትሎ ወደ ቀበሮ መኖሪያ እንዳይገባ መከልከልም የዚሁ ሥራ አካል ነው።

በአንኮበር በኩል ጎብኚን የሚስበው ሀብት በርካታ ነው። በከተማዋ ኮረብታ ላይ የቤተ መንግሥቱ ቅሪትና የታሪክ ሥፍራዎች ይገኛሉ። በአቅራቢያው ያለው የወፍ ዋሻ ደን ጽድ፣ ዝግባ፣ ወይራና ኮሶን የያዘ ሲሆን፣ ከፍ ባለው ሥፍራ አስታና ጅብራ ይበቅላሉ። የገደሉ ጠርዝ ደግሞ በስምጥ ሸለቆው በኩል ከዩራስያ ወደ አፍሪካ የሚፈልሱ ንስሮችና ጭልፊቶች ከሚያልፉባቸው መስመሮች አንዱ ነው። ታሪክና ተፈጥሮ በአንድ ቀን ጉዞ ሊታዩ መቻላቸው ለአካባቢው ልዩ ጠቀሜታ ይሰጠዋል።

ሆኖም ሀብት መኖሩ ብቻውን በቂ አይደለም። በነሐሴ 2015 ዓ.ም በአማራ ክልል የተባባሰው ግጭት የክልሉን የጎብኚ ፍሰት በእጅጉ ጎድቷል። በቱሪዝም ላይ ኑሯቸውን የመሠረቱ አስጎብኚዎች፣ የእንግዳ ማረፊያ ሠራተኞችና የበቅሎ አከራዮች ገቢያቸውን አጥተዋል። ጎብኚ ሲቀር የጥበቃው ሥራም ይዳከማል፤ ከእንስሳው ጥቅም የማያገኝ ነዋሪ ለእንስሳው የሚሰጠው ቦታ ይቀንሳልና። በሌላ በኩል ጎብኚ ያለ ዝግጅት በብዛት ሲመለስ የሚያደርሰው ጉዳትም ቀላል አይሆንም። ስለሆነም ፍሰቱ የቀነሰበት ጊዜ ሥርዓቱን ለማዘጋጀት የሚያመች ጊዜ ነው።

በሕግ ረገድ መነሻ የሚሆኑ ድንጋጌዎች ከወጡ ቆይተዋል። የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541/1999 የዱር እንስሳትን ጥበቃ ከማኅበረሰብ ተጠቃሚነት ጋር አያይዞ የደነገገ ሲሆን፣ አዋጅ ቁጥር 575/2000 ደግሞ የኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ልማትና ጥበቃ ባለሥልጣንን አቋቁሟል። ከአዋጅ እስከ ገደሉ ጠርዝ ያለውን ርቀት የሚሸፍነው ግን የዞንና የወረዳ ጽሕፈት ቤቶች የዕለት ተዕለት ሥራ ነው።

ሥራው በሚከተለው መልኩ ሊከፋፈል ይችላል። የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት አንድ አስጎብኚ በአንድ ጊዜ ሊመራ የሚችለውን የሰው ቁጥር መወሰን፣ ጎብኚ የሚቆምባቸውን ሥፍራዎች ለይቶ ምልክት ማድረግና ለአካባቢው ወጣቶች ሥልጠና መስጠት ይጠበቅበታል። የግብርና ጽሕፈት ቤት በገደሉ ጠርዝ ላይ የባሕር ዛፍ ተከላና አዲስ እርሻ እንዳይስፋፋ ከአርሶ አደሩ ጋር መስማማትና አማራጭ የማገዶ ምንጭ ማቅረብ ይኖርበታል። የመሬት አስተዳደር ዘርፉ ለእንግዳ ማረፊያ የሚሰጥ ቦታ ከወፎች መራቢያ የራቀ መሆኑን ሊያረጋግጥ ይገባል። የፋይናንስ ዘርፉም ከመግቢያ ክፍያ የሚገኘው ገቢ ምን ያህሉ ለቀበሌው እንደሚደርስ በግልጽ ሊያሳውቅ ይገባል።

በጎብኚው በኩል ሊከበሩ የሚገባቸው ነጥቦች ጥቂትና ቀላል ናቸው። ለጭላዳ ምግብ አለመስጠት ከእነዚህ አንዱ ነው፤ ከሰው እጅ መብላት የለመደ መንጋ ወደ እርሻ መውረዱና ከአርሶ አደሩ ጋር መጋጨቱ አይቀርምና። ከገደሉ ጠርዝ ድንጋይ አለመወርወር፣ ከተወሰነው መንገድ አለመውጣት፣ በደረቁ ወራት በሣሩ ላይ እሳት አለማንደድና ወደ ወፍ ጎጆ አለመቅረብም ተመሳሳይ ክብደት አላቸው። አንድ የሲጋራ ቁራጭ ለዓመታት ተጠብቆ ያደገን የጓሳ ሣር በአንድ ከሰዓት በኋላ ሊያወድም ይችላል።

ከሁሉም በላይ ትኩረት የሚያሻው መረጃ የመያዝ ልማድ ነው። በየወሩ ስንት ጎብኚ እንደገባ፣ በየትኛው ሥፍራ ስንት ጭላዳ፣ ስንት ቀበሮና የትኛው ወፍ እንደታየ በአንድ መዝገብ ላይ ሲሰፍር፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ለውጡን ማወቅ ይቻላል። መዝገቡ ውድ መሣሪያ አይፈልግም፤ አስጎብኚው ከጉብኝት ሲመለስ የሚሞላው አንድ ገጽ ቅጽ ይበቃል።

በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን ከባሕር ዳርቻ ተነሥቶ አንኮበር ለመድረስ ሳምንታትን የሚፈጅ የበረሃ ጉዞ ያስፈልግ ነበር። ርቀቱና አስቸጋሪነቱ በራሱ ጥበቃ ሆኖ ኖሯል። ዛሬ ከአዲስ አበባ ማለዳ የተነሣ ሰው ከቀትር በፊት ከገደሉ ጠርዝ መድረስ ይችላል። መንገድ ቀድሞ ርቀት ይሰጠው የነበረውን ጥበቃ ከእንግዲህ ሊሰጥ የሚችለው በሰው የሚወሰን ሥርዓት ብቻ ነው። የመንዝ ገበሬዎች ያንን ሥርዓት በሣር ሜዳቸው ላይ ለዘመናት ሠርተውበታል፤ የአርክቲክ አገሮችም በበረዷማ ዳርቻዎቻቸው ላይ እየሠሩበት ነው። የአንኮበርን ስም የተሸከመችው ትንሽ ወፍ በመጪዎቹ ዓመታትም በገደሉ ላይ ዘር ስትለቅም መታየቷ የሚወሰነው፣ ኃላፊነቱ ያለባቸው አካላት ይህንኑ ሥርዓት ጎብኚው ከመብዛቱ በፊት በማዘጋጀታቸው ነው።